የሳይክል ፋብሪካ ከመቆሚያው ይጀምራል

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ሳይክል እየገፋሁ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጠጋኙ የፊት ጎማውን ከፍ አድርጎ አሽከረከረና ጆሮውን አስጠጋ። ክርክር ይላል። «ጋሼ፣ ኩሽኔታው አልቋል። ከአዲስ አበባ ካልመጣ የለም» አለኝ። ለአንድ ኩሽኔታ 130 ኪሎ ሜትር! የተሰበረውን መቆሚያ ግን ጎረቤቱ ያለው በያጅ ከቁራጭ ፌሮ ወዲያው ሠራው። ከድሮው ይልቅ ይጠነክራል።

ያኔ ሂሮ ሳይክልስ ትዝ አለኝ። የሕንድ ኩባንያ ነው። የመሠረቱት ሙንጃል የሚባሉ አራት ወንድማማቾች፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ከምትገኘው ካማሊያ የተነሱ ናቸው። በ1944 (ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው) የሕንድ ከተማ ወደሆነችው አምሪትሳር ሄደው የሳይክል መለዋወጫ መነገድ ጀመሩ፤ በኋላም ኑሯቸውን ሌላዋ የሕንድ ከተማ ሉዲያና አደረጉ። መጀመሪያ ሌላው የሠራውን ሸጡ፣ ቀጥለው መሪውንና የፊት ጎማ የሚይዘውን ሹካ ራሳቸው አመረቱ። ወደ ሙሉ ሳይክል የገቡት በ1956 ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 639 ብቻ! በ1986 ጊነስ የተባለው የክብረ ወሰን መዝገብ የዓለም ትልቁ የሳይክል አምራች ብሎ መዘገባቸው።

ስማቸውን ያስጠራው ሂሮ ጄት የቅንጦት ዕቃ አልነበረም። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ ይሠራል፣ ከኋላው ጭነት ይሸከማል። ገበሬውም ወተት ሻጩም የሚነዳው ዓይነት። የልጆች፣ የተራራ፣ የኤሌክትሪክ የሚባሉት ኋላ መጡ።

እኛ ዘንድ የሳይክል ፋብሪካ ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ትልቅ ሼድና ስለ ውጭ ባለሀብት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከተማችን ብርድ ልብስም ቢራም ታመርታለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት፤ መለዋወጫ የሚሠራ ግን አላየሁም። ኩሽኔታ ልዩ ብረትና ትክክለኛ ማሽን ይፈልጋል፣ እሱን ለጊዜው እንግዛ። መቆሚያ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ጭቃ መከላከያ ግን በያጆቻችን እጅ ላይ ያለ ሥራ ነው። የጣርማበርን ዳገት በሳይክል ውጡ የሚል የለም፤ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ግን ሜዳ ናቸው፣ ተማሪው ደግሞ በእግሩ ነው የሚመላለሰው።

የከተማው አስተዳደር ለበያጆቹ የመሥሪያ ቦታ ይስጥ፤ አሁን የሚበይዱት መንገድ ዳር፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቃቸውን እየሸሸጉ ነው። እኔ ፖርቶ መጋላ አዝዣለሁ። ለቅዳሜ ይደርሳል ብሎኛል።