አንድም ታይምላይኑ ተሰንጥቋል

ጎንደር ሊቅ አጥታ አታውቅም። የላይ ቤትና የታች ቤት የአንድምታ መምህራን አንዲቷን ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያሉ ሲያራቅቁ የኖሩባት ከተማ፣ ዛሬም ወንበሩ እንዳይታጠፍ የሚተጉ ልጆች አላጣችም። ልዩነቱ ጥቂት ነው። የጥንቶቹ ለአንድ መጽሐፍ ዓመታት ይፈጁ ነበር፤ የዛሬዎቹ የክፍል ሁለትን ማስታወቂያ አይተው፣ ፊልሙ ገና ሳይወጣ ስሕተቱን ለቅመው ይጨርሱለታል። ጉባኤያቸው የተዘረጋው ፒያሳ ማኪያቶ ቤት ነው። የሚያራቅቁትም ከወደፊቱ ዘመን የተላከው ገዳይ ሮቦት በምን ሕግ ራቁቱን እንደመጣ ነው።

«ሥራ ፈቶች» የሚሏቸው አሉ፤ ምቀኝነት ነው። ሥራ የፈታ ሰው ሲሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል። እነዚህ ግን ማኪያቶው ቀዝቅዞ፣ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ሦስቴ ወልውላ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ ዳግመኛ ሄዶም ቢሆን፣ አንዲት ገጸ ባሕርይ በክፍል አንድ ያለችውን በክፍል ሦስት ለምን እንደረሳችው ሳይፈርዱ ንቅንቅ አይሉም። ለአንዲት ፊርማ ቀበሌ አምስት ጊዜ ተመላልሶ «ለምን?» ያላለ ሰው፣ ፊልም ላይ ምክንያትና ውጤት በአንዲት ደቂቃ ቢዛነፉ አይምርም። የመጠየቅ ወኔ ሞተ የሚሉ እዚህ መጥተው ይዩ።

ጉባኤ መዘርጋት ለሚሻ አራት ሰው ይበቃዋል። ከሦስት ካነሰ አጨብጫቢ ይጠፋል፤ ከስድስት ከበለጠ ወሬው ሳይታወቅ ወደ አርሴናል ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ፊልሙን በኦሪጅናሉ ያየ ይሁን፤ «እናንተ እንግሊዝኛው ሲባል አልሰማችሁም» የሚል ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በትርጉም ያየ ነው። ትርጉም ማለት አንዱ ተራኪ የጀግናውንም የሚስቱንም የውሻውንም ድምፅ ብቻውን ይዞ፣ መሐል መሐል ላይ የራሱን ቀልድ ጣል እያደረገ የሚነግረን ነው፤ ስለዚህ ይህ ሰው የሚጠቅሰው ንግግር ግማሹ ደራሲው ያልጻፈው፣ ብዙ ጊዜም ከደራሲው የሚሻል ነው። ሦስተኛው ፊልሙን ስልኩ ላይ በዐሥር ደቂቃ ተጨምቆ ያየ። አራተኛው ጨርሶ ያላየ። ይኸኛው እንዳይቀር፤ ጉባኤውን የሚመራው እሱ ነው፣ «የኔታ» የሚሉትም እሱን ነው።

ቀጥሎ መጻፊያ። ታይምላይን፣ ማለትም የፊልሙ የዘመን መሥመር፣ በቃል አይያዝም። ሶፍት ላይ መሣል የተለመደ ቢሆንም ሶፍት ሁለት ችግር አለበት። የእስክሪብቶው ጫፍ ይቀደዋል፤ የተቀደደውንም አንዱ አፈፍ አድርጎ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የተሰነጠቀው» ብሎ ማስረጃ ያደርገዋል። ማኪያቶ ጠብ ሲልበት ደግሞ ቀለሙ ይፈሳል፤ 1955 እና 1985 ይቀላቀላሉ። የሲጋራ ፓኮ ገልብጦ ውስጡ ላይ መጻፍ ይሻላል። መሥመሩ ከመሐል ይጀመር እንጂ ከግራ ጠርዝ አይጀመር። በመኪና ዘመን የሚሻገሩበት ፊልም «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» በክፍል አንድ ከ1985 ወደ 1955 ሄደ፣ በክፍል ሁለት 2015 ገባ፣ በክፍል ሦስት 1885 ወርዶ አረፈው። ከጠርዝ የጀመረ ሰው ያኔ የሚጽፈው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አስተናጋጇ ደግሞ ታይምላይን ሳይሆን ቆሻሻ መስሏት ትወለውለዋለች።

እዚህ ላይ የእኛ ሊቅ ዓለምን የሚበልጥበት አለ። ሌላው አንድ አቆጣጠር ብቻ አለው፤ እሱ ሁለት። ፊልሙ የተነበየለት ኦክቶበር 21 ቀን 2015 በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 2008 ነው። ዓለም «በራሪው መኪና የታለ?» ብሎ ሲሳለቅ፣ የእኛው «ገና 2008 ነው፣ ሰባት ዓመት አለን» ብሎ በእርጋታ ማኪያቶውን ያማስላል። የፊልሙ ጀግና ወጣቱ ማርቲ 1955 የገባበት ኖቬምበር 5 ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1948 ይውላል፤ በአገራችን የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በታወጀ ማግስት። ይህን ነጥብ ጣል ያደረገ ሰው ጉባኤውን ጸጥ ያሰኘዋል። ከፊልሙ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅ አለማወቅ ያስመስላላ! ማርቲን ወደ 1985 የመለሰው መብረቅ የሰዓት ማማውን የመታው ከምሽቱ 10:04 ነው፣ በእኛ 4:04። በዚህች የስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻ በኦሪጅናል ያየውና በትርጉም ያየው አንድ ምሽት ሙሉ ተኳርፈው ሊያመሹ ይችላሉ።

የኃይሉም ስሌት አይቀርም። መኪናዋ ዘመን ለመሻገር 1.21 ጊጋ ዋት ትጠይቃለች። ጣና በለስ በሙሉ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ስለሆነ፣ ሦስት ጣና በለስ ባንዴ ማለት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 88 ማይል፣ ወደ 142 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ባጃጅ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ብትለቀቅም አይሞከርም። ይህን ሁሉ የሚያሰሉት በሻማ ነው።

ወደ ፍርዱ ስንመጣ ሕጉ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የሆነው ሆኗል የሚለው ነው፤ ያለፈውን ልትለውጥ ብትሄድ፣ ያ ነገር የሆነው አንተው በመሄድህ ሆኖ ታገኘዋለህ። ፊዚክሰኞች በኖቪኮቭ ስም ይጠሩታል። ሁለተኛው መሥመሩ አንድ ነው፣ ግን ይፋቃል፤ ሄደህ አያትህን ብትገድል ራስህ ትጠፋለህ። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ያለፈውን ስትነካ ሌላ መሥመር ይበቅላል፣ የአንተው እንደነበረ ይቀራል። አስተዋይ ዳኛ ፊልሙ ከሦስቱ የትኛውን እንደያዘ መጀመሪያ ይጠይቃል። የእኛዎቹ ከዚህ ያለፉ ናቸው፤ አንዱን ፊልም በሌላው ፊልም ሕግ ይከሱታል። ዘዴው ከሽፎ አያውቅም። ተከሳሽ ነፃ የወጣበት ጉባኤ እስካሁን አልተሰማም።

ለናሙና የሽማግሌውን የቢፍን ክስ እንይ። በ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ክፍል ሁለት ላይ ሽማግሌው መኪናዋን ሰርቆ ከ2015 ወደ 1955 ይሄድና፣ የስፖርት ውጤት የተመዘገበበትን መጽሐፍ ለወጣቱ ለራሱ ሰጥቶ ይመለሳል። ወጣቱ በውርርድ ይከብራል፣ ታሪክ ይገለበጣል። ታዲያ ሽማግሌው ተመልሶ ያልተለወጠው 2015 ውስጥ እንዴት ገባ? የተለወጠው ውስጥ መውደቅ አልነበረበትም? ጥያቄው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ይዘረጋል። አንድም ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ በክፍል አንድ የማርቲ ወንድምና እኅት ከፎቶው ላይ ባንዴ ሳይሆን እየደበዘዙ እንደጠፉት። አንድም ሽማግሌው ሲመለስ ሕመም ይዞት ይንገዳገዳል፤ ከፊልሙ ተቆርጦ በቀረው ትዕይንት ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል፤ ስለዚህ ለውጡ እየደረሰበት ነበር። አንድም ደራሲዎቹ ታሪኩ እንዲሄድላቸው ዝም ብለው አለፉት። ይህን ሦስተኛውን የተናገረ ግን ከጉባኤው ይባረራል፤ ሌሊቱን ሊያሳጥር የመጣ ጠላት ነው።

አራተኛ አንድምም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ፊልም የሚጭኑት ልጆች ናቸው። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ክፍል ሁለት «ክፍል 1» ተብሎ ይሰየማል። ወይም ኮፒው ሳያልቅ ፍላሹ ይነቀልና የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ፋይሉ ስንት ደቂቃ እንደሚል አንዴ ማየት ነገሩን ይፈታው ነበር፤ ግን የትኛው ሊቅ ነው ማስረጃ ፍለጋ ወደዚያ የሚወርደው? መጨረሻውን ያላየ ሰው «መጨረሻው ክፍት ነው፣ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው» ሲል፣ ያየው ደግሞ «ተዘግቷል» ሲል፣ ሁለቱም ዕውቀት ገበዩ ይባላል።

የሮቦቱን ነገር ባጭሩ። በ1984ቱ «ተርሚኔተር» ሕያው ሥጋ ያልለበሰ አያልፍም ተባለ፤ ልብስም መሣሪያም ያልመጣው ለዚህ ነው። በ1991 ግን ፈሳሽ ብረት የሆነው ሮቦት መጣ፣ ሥጋ የሚባል ሳይኖረው። «በሥጋ ተጠቅልሎ ይሆናላ!» ይላል ጠበቃው፤ ሥጋው የት ወደቀ ሲባል ማኪያቶ ያዛል። ዋናው ክስ ግን ሮቦቱ የሚያድነው ልጅ፣ የጆን ኮነር ዕድሜ ነው። በ1991ዱ ፊልም የፖሊስ ኮምፒውተር ልጁ 10 ዓመቱ ነው ይላል፤ በ2003ቱ ክፍል ሦስት ራሱ ጆን ያኔ 13 ዓመቴ ነበር ይላል። እዚህ ላይ ምሕረት የለም። የከሳሹ የራሱ ዕድሜ በመታወቂያው አንድ፣ በስምንተኛ ክፍል ካርዱ ሌላ፣ በፌስቡክ ገጹ ደግሞ ሦስተኛ መሆኑን የሚያነሣ ሰው ባለጌ ነው።

ሙያው ደግሞ ዘር አለው። የሸርሎክ ሆልምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል በ1887 የሆልምስን ባልንጀራ ዶክተር ዋትሰንን ትከሻው ላይ በጥይት አቆሰለው፤ በ1890 ቁስሉ እግሩ ላይ ተገኘ። በ1891 ጆን ዋትሰንን የገዛ ሚስቱ «ጄምስ» ብላ ጠራችው። ደራሲው ረሳ፤ አንባቢ መች ይረሳል! ሮናልድ ኖክስ በ1911 የቅዱሳት መጻሕፍት ተመራማሪዎችን ስልት ተውሶ የሸርሎክ ሆልምስን ታሪኮች በንግግር መረመረ። ዶረቲ ሴየርስ ደግሞ የዋትሰን መካከለኛ ስም በ«ኤች» ፊደል ብቻ መጻፉን አይታ፣ ፊደሏ «ሄሚሽ» ናት፣ እሱም የስኮትላንዶች ጄምስ ነው፣ ሚስቱም በመካከለኛ ስሙ ነው የጠራችው ስትል ፈታችው። ይህች ሴት ጎንደር ብትወለድ ላይ ቤት ወንበር ይለቀቅላት ነበር። ኖክስ እየቀለደ እንደነበር ለእኛዎቹ ባይነገራቸው ይሻላል።

ከዕድሜና ከቁስል የሚብሰው ጠባይ ነው። «ስታር ዋርስ» ላይ ልያ በ1983 እናቷን በጥቂቱ እንደምታስታውስ ለወንድሟ ለሉክ ነግራዋለች፤ በ2005 የወጣው ቅድመ ታሪክ ላይ ግን እናትየው መንታዎቹን እንደወለደች እዚያው ሞተች። ይህ እንኳ በአንድምታ ይታለፋል። የማይታለፈው ሉክ ነው፤ በ1983 ጨካኝ አባቱን አልገድልም ብሎ ሰይፉን የወረወረ፣ በ2017 የእኅቱ ልጅ ተኝቶ ሳለ ሰይፍ መዘዘበት። «ሉክ እንዲህ አያደርግም!» ጠረጴዛው ይመታል፣ ስኒው ይዘላል። ሰው በሠላሳ ዓመት እንዴት ይለወጣል? ይህን የሚለው ባለፈው ወር «ቅርንጫፍ የሚባል የለም» ብሎ የማለ፣ ዛሬ የቅርንጫፉ ዋና ጠበቃ የሆነው ልጅ ነው። እሱ አልተለወጠም፤ አደገ።

ከማኪያቶ ቤቱ በእግር የሚደረስ ፋሲል ግቢ የሚባል ቦታ አለ። አፄ ፋሲል ሠሩ፤ ልጃቸው ዮሐንስ ከጎን የራሳቸውን አቆሙ፤ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ የራሳቸውን፤ ከዚያ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ። አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፣ ማንም ክፍል ሁለቱ ከክፍል አንዱ አይገጥምም ብሎ አልከሰሰም። ሊቃውንቱ ቢደርሱበት ጉድ ይፈላ ነበር፤ ደግነቱ ቱሪስት የሚሄድበት ስለሆነ አይሄዱም።

«ታዲያ ደራሲውን መጠየቅ አይሻልም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። በ2019ኙ «አቬንጀርስ ኤንድጌም» መጨረሻ ወደ ኋላ ዘመን የሄደው ካፒቴን አሜሪካ አርጅቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገኘ። ዳይሬክተሮቹ በሌላ ቅርንጫፍ ኖሮ መጣ አሉ፤ ጸሐፊዎቹ እዚሁ መሥመር ላይ ተደብቆ ኖረ አሉ። አንድ ፊልም፣ ላይ ቤትና ታች ቤት። ከዚያ ወዲህ ደራሲ በዚህ ጉባኤ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ እንጂ ዳኛ አይሆንም።

ሳይንቲስትም አያሸንፋቸውም። ስቴፈን ሆኪንግ ጁን 28 ቀን 2009 ኬምብሪጅ ውስጥ ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ አሰናድቶ፣ ጥሪውን ያሰራጨው ግን ግብዣው ካለፈ በኋላ ነው፤ ከወደፊት የሚመጣ ብቻ እንዲደርስ። ማንም አልመጣም። እሱ ይህን ማስረጃ አደረገው። የኔታ ግን አይቀበሉትም። ከጎንደር የተነሣው ተጓዥ 2009ን በእኛ አቆጣጠር አስቦ፣ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በሩን አንኳክቶ ተመልሶ ቢሆንስ? ቀኑን ቢያውቀውም «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ይሆናል።

ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሂሳብ ይመጣል። አንዱ በሌላኛው ቅርንጫፍ ከፍያለሁ ይላል። ሌላው ሁለተኛውን ማኪያቶ ከማዘዙ በፊት ወደነበረበት ሰዓት ሊመለስ ይሞክራል። የኔታ ሽንት ቤት ናቸው። አስተናጋጇ ሕግ አንድን ይዛ ከፊታቸው ቆማለች፦ «ወንድሜ፣ የተጠጣው ተጠጥቷል። ስድስት ማኪያቶ፣ አንድ ውኃ።»