ኦልድ ሳረምን ኖርማኖች ብቻ አልሠሩትም

ወንድሜ፣ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘውን ኦልድ ሳረም «ከነአጥሩ ኖርማኖች የሠሩት ምሽግ» ብለሃል። ብዙዎች የሚደጋግሙት ስህተት ነው። ኮረብታውን የከበበው ትልቁ የአፈር ካብና ቦይ የብረት ዘመን ሰዎች የድካም ፍሬ ነው፤ ኖርማኖች በ11ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ሲይዙ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። የእነርሱ ሥራ በመሐሉ ያለው የግንቡ ጉብታና በሰሜን ምዕራብ በኩል የነበረው ካቴድራል ነው። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1092 ተባርኮ በቀናት ውስጥ ዐውሎ ነፋስ መታው። ዛሬ ሣሩ ላይ የሚታየው የመሠረቱ መስመር ነው።

ደግሞም ካቴድራሉን ጦርነት አላፈረሰውም። ካህናቱ በውኃ እጥረት፣ በነፋስና ከምሽጉ ወታደሮች ጋር በነበረው ጠብ ተማረው ወደ ሜዳው ወረዱ፤ በ1220 የሶልስበሪን ካቴድራል ጀመሩ። የአሮጌው ድንጋይም ተከትሏቸው ወረደ፤ የአዲሱን ግቢ አጥር ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ ቅርጽ የተቀረጸባቸው የኦልድ ሳረም ድንጋዮች ከአጥሩ መሐል ይታያሉ።