ከ33 ተነስቶ 33 ለመድረስ 12 ማይል

እስቲ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሾፌሮች ፍረዱኝ። ከ57 ቀጥሎ ስንት ይመጣል? አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ 58 ይላችኋል። ዲሲን በሚዞረው በ495 ቀለበት መንገድ፣ በቤልትዌይ ላይ ግን ከ57 ቀጥሎ የሚመጣው ኤግዚት (ከሃይዌይ መውጫ) 173 ነው። ከዚያ 174፣ 176፣ 177። «በቃ፣ መቶ ቤት ገባን» ብላችሁ ስትረጋጉ የዊልሰንን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ቀጣዩ ኤግዚት ስንት ነው? 2። ሁለት! አልታጠፋችሁም፣ መንገድ አልቀየራችሁም፣ ያው ቤልትዌይ ላይ ናችሁ።

ዕጣ እያወጡ ነው እንዴ የለጠፉት?

ኡበር የሚነዳውም፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ መንጃ ፈቃድ በቅርብ ያወጣውም እኩል ነው የሚደናገረው። ብዙዎቻችን የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ተፈትነን አልፈናል። የኤግዚት ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ግን የለም። በዚህ የተነሳ ዕድሜ ልኩን ነድቶ ቁጥሩ በተራ የተለጠፈ የሚመስለው ሰው ሞልቷል።

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ደግሞ ነገሩ በትክክል ሲሠራ ግሩም መሆኑ ነው። ቁጥሩ ማይል ነው። መንገዱ ከግዛቱ ደቡብ ወይም ምዕራብ ጫፍ ዜሮ ብሎ ይነሳና ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ እየጨመረ ይሄዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ 95 የሚባለው ሃይዌይ የሚጀምረው ከሰሜን ካሮላይና ድንበር ነው። ስለዚህ ስፕሪንግፊልድ ያለው ኤግዚት 170 ከድንበሩ 170 ማይል ገደማ ይርቃል። ሪችመንድ መሃል ከተማ 74 ነው። ከ170 ላይ 74 ቀንሱ፤ 96 ማይል። ልጆቹ ከኋላ «ደረስን? ደረስን?» ሲሉ ስልክ ሳትነኩ መልስ አላችሁ። ነዳጅ ይበቃኛል አይበቃኝም የሚለውንም በዚሁ ትገምታላችሁ። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ወደ ደቡብ እየወረዳችሁ ነው። ወደ ሰሜን ለመሄድ አስባችሁ ከሆነ እንግዲህ አምላክ ይሁናችሁ።

የፌዴራሉ የመንገድ ምልክት ደንብም እ.ኤ.አ. በ2009 እትሙ ቁጥሩ በማይል ይሁን ብሏል። በነገራችን ላይ አሪዞና ውስጥ 19 የሚባል መንገድ አለ፤ ኤግዚቱን የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ነው። አሜሪካ ውስጥ! እኛ አገር ያደገ ሰው እዚያ ቢነዳ ይሻለው ነበር።

ታዲያ ቤልትዌይ ምን ነክቶት ነው? ታሪኩ እንዲህ ነው። 95 መጀመሪያ የታሰበው ዲሲን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ነበር። ነዋሪው አሻፈረኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዕቅዱ ተሰረዘና 95 በቤልትዌይ ምሥራቃዊ ጎን ዞሮ እንዲሄድ ተደረገ። ወደ ከተማው የምትገባው ቁራጭ 395 ተባለች። በዚህ ምክንያት ከስፕሪንግፊልድ እስከ ድልድዩ ያለው ቤልትዌይ የ95ን የቨርጂኒያ ቁጥር ተሸክሟል፤ 173 የመጣው ከዚያ ነው። ድልድዩን ስትሻገሩ ሜሪላንድ ከራሷ ድንበር ትጀምራለች፤ 2 ትላችኋለች። ዞራችሁ ክላራ ባርተን ፓርክዌይ ጋ ስትደርሱ 41 ይሆናል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ እንደገና ቨርጂኒያ ስትገቡ ደግሞ ቨርጂኒያ ሆዬ እንደ አዲስ አትጀምርም። የሜሪላንድን ቆጠራ ተቀብላ 43 ትላለች። በአንዱ ድልድይ ይቋረጣል፣ በሌላው ይቀጥላል። ምክንያቱን ማወቄ ግን ንዴቴን አልቀነሰልኝም።

ስፕሪንግፊልድ ላይማ ጉድ ነው። «ሚክሲንግ ቦውል» የሚሉት መጋጠሚያ ሦስት ቁጥር አለው። ከ495 ስትመጡ 57፣ በ95 ከሆነ 170፣ በ395 ከሆነ 1። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ድረስ እያፈረሱ ሠሩት፤ ድልድዩ በድልድይ ላይ ተደራረበ፣ ቁጥሩ ግን ያው ሦስት ሆኖ ቀረ። 66 እና 495 የሚገናኙበትም እንደዚሁ ነው፤ በ495 ለሚመጣ 49፣ በ66 ለሚመጣ 64። ስለዚህ አንዱ «64 ጋ እንገናኝ» ሌላው «49 ጋ ነኝ» ተባብለው ሁለቱም ልክ ናቸው። ተገናኝተው ይጣላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። በስልክ መንገድ የምትመሩ ወገኖቼ፣ እናንተን ነው።

አንድ ክርስትና ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቱ ከኮኔቲከት አቬኑ ብዙም አይርቅም። ምግቡ ቀርቧል፣ ቄሱ ሊባርኩ ተነስተዋል፣ የልጁ አያት ግን ከባልቲሞር ገና አልደረሱም። አባትየው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ በረንዳ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ በ33 ወጡ አይደል?»

«አዎ ልጄ፣ እንዳልከኝ በ33 ወጣሁ።»

«ጎሽ፣ ደርሰዋል በቃ! አሁን ምን ይታይዎታል?»

«ጋዝ ስቴሽን።»

«ጋዝ ስቴሽን? ... ኮኔቲከት የሚል ነገር አያዩም?»

«የለም። 198 ነው የሚለው።»

አባትየው ዝም አለ። ከኋላው እናትየው «198 የት ነው ደግሞ?» አለች።

198 ሎረል አካባቢ ያለ መንገድ ነው። ሽማግሌው አንዳች ጥፋት የለባቸውም፤ የተባሉትን ነው ያደረጉት። 95 እና 495 የሚለያዩት ኤግዚት 27 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ 95 ወደ ባልቲሞር 29፣ 31፣ 33፣ 35፣ 38 እያለ ይወጣል። 495 ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ቤተዝዳ 28፣ 29፣ 30፣ 31፣ 33 እያለ ይዞራል። ሁለት 29፣ ሁለት 31፣ ሁለት 33፣ ሁለት 38፣ ሁለት 41። ከባልቲሞር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የ95ን 33 ነው። ከ33 ወደ 27 ስድስት ማይል ገደማ ይወርዳል፤ ከ27 ወደ ሌላኛው 33 ደግሞ ስድስት ማይል ገደማ። ከ33 ተነስቶ 33 ለመድረስ 12 ማይል! ያውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያ ትራፊክ። ዶሮው ቀዘቀዘ።

«495 ላይ 33፣ ኮኔቲከት አቬኑ» ማለት ምን ያስከፍላል? አዲስ አበባ ውስጥ «ከቶታሉ ወረድ ብለህ፣ ከፋርማሲው ጎን» ብሎ መምራት ይሠራል። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ሱቅ በር ላይ የቆመ ልጅ ይጠይቃል፣ ልጁም አብሮት እስከ በሩ ይሄዳል። 55 ተብሎ 70 በሚነዳበት መንገድ ላይ ግን ማንን ይጠይቃል? የጭነት መኪናውን ሾፌር?

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ አካባቢ ኤ እና ቢ የአንድ ኤግዚት ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ጆርጂያ አቬኑ 31 ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዊተን፣ ሌላው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይወስዳል። «31 ውጣ» ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። በስልክ ደግሞ «ቢ ነው ያልከኝ ዲ?» የሚባል ጭቅጭቅ አለ። ወደ ኒውዮርክ ስትሄዱ በኒው ጀርሲ ተርንፓይክ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ ቁጥሩ እስከ ዛሬ በተራ ነው። በኋላ የተጨመረ መውጫ ሲኖር 7ኤ፣ 8ኤ ተብሎ በመሃል ተሰካ። ስለዚህ 7 እና 7ኤ ጎን ለጎን የሚመስለው የቨርጂኒያ ሾፌር ሰባት ማይል ያህል ይጠብቀዋል። ከ7 እስከ 8 ደግሞ 14 ማይል ገደማ ነው። በእኛ ሒሳብ «አንድ ማይል ቀረኝ» ብሎ ሽንት ቤት የታገሰ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ይሄ ሁሉ ግራ መጋባት መጨረሻው ምን እንደሆነ በየቀኑ እናያለን። ሰውየው ከግራ ጫፍ ሌን ላይ ሆኖ ኤግዚቱን በመጨረሻዋ ሴኮንድ ያየዋል። ፍሬቻ የለ፣ መስታወት ማየት የለ፣ አራቱን ሌን በአንዴ ይቆርጠዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ካለፈው በኋላ መንገድ ዳር አውጥቶ በኋላ ማርሽ የሚመለሰው ነው። በሃይዌይ ላይ! አደጋ መብራቱን አብርቶ፣ አንገቱን ጠምዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወንድሜ፣ ቁጥሩ ማይል ነው እኮ። 50ን አለፍከው? 51 እፊትህ አንድ ማይል ላይ ናት። ውጣ፣ ዙር፣ ተመለስ። ማንም አይስቅብህም።

«ጂፒኤስ እያለ ምን ያናድድሃል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጂፒኤሷ ጥሩ ናት፤ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሦስት መንገድ ሲለያይ ግን «በቀኝ በኩል ያዙ» ብላ ስትጨርስ እናንተ ግራው ላይ ናችሁ። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ሰሌዳውን ከሩቅ አይቶ ሌኑን ቀድሞ ይይዛል። ሌላም ነገር አለ። ከላይ ትንሿ የቁጥር ሰሌዳ በየት በኩል እንደተለጠፈች እዩ። በቀኝ ጫፍ ከሆነች መውጫው በቀኝ ነው፣ በግራ ጫፍ ከሆነች በግራ። የግራ መውጫ ከሆነ በቢጫ መደብ ላይም ጽፈው ያስጠነቅቃሉ። ይሄንን እንኳ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ጂፒኤሱን አጥፉት የሚለው የፊት ወንበር አዋቂ ደግሞ አለ። «እኔ አሳይሃለሁ፣ ይሄን አካባቢ እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው» ይላል። ከዚያ ወሬ ይጀምራል። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ እገሌ ልጅ ምርቃት። ኤግዚቱ ከኋላችን ከቀረ በኋላ ጣቱን ወደ መስኮቱ ይቀስርና «እዚች ጋ ነበር መውጣት የነበረብህ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከአሁን በኋላ የእኔ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ከኋላ፣ ከልጆቹ ጋር ነው።