ይሄማ የእኛ ነው

ባርሴሎና የዋልኩት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ያየውን ሁሉ "ይሄማ የእኛ ነው" ይላል። ቲማቲም የታሸበት ዳቦ ቀረበልን፤ የእኛ ነው። አራተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ።

ሞንጁይክ ኮረብታ ላይ ካለው የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባን። በ1123 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ የታውል መንደር ቤተ ክርስቲያን የመጣው ክርስቶስ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል። የያዘው መጽሐፍ "እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ" ይላል። የአክስቴ ልጅ ዓይኑን አየና "ይሄማ ጎንደር ነው!" ብሎ ጮኸ። ጥበቃው ዞረብን። እርግጥ ዓይኑ የእኛን ሥዕሎች ይመስላል። ግን ዝም ብሎ መገረም አይቻልም?

ሥዕሉ ከመንደሩ ከወረደ መቶ ዓመት አለፈው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተሸጦ ቦስተን ሲገባ ካታሎኖች ደነገጡ። የቀረውን በጨርቅና በሙጫ ከግድግዳው ልጠው ባርሴሎና አስገቡት። የታውል ሰው የገዛ ክርስቶሱን ለማየት ከተማ ይወርዳል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! ይህን ተረት ስወደው። የእኛስ የመቅደላው? እንግሊዞች በ1868 ዘርፈው የወሰዱት ለንደን ተቀምጧል። ለንደን አብረን ሄደን ነበር። "ይሄማ የእኛ ነው" የሚባልበት ቦታ ስንደርስ፣ ጌታው እግሬን አመመኝ ብሎ ካፌ ቁጭ አለ። እስካሁን አልወጣልኝም።

ወደ ነገሬ። ካቴድራሉ ፊት ሳርዳና ይጨፈራል። አሥራ አንድ ሙዚቀኞች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። አዛውንቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተዋል። ለአጭሩ እርምጃ እጅ ይወርዳል፣ ለረጅሙ ይነሳል። ፊታቸው ሒሳብ የሚሠራ ሰው ፊት ነው። እውነትም ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው ከተሳተ ማሳረጊያው ይበላሻል።

ልቤን የወሰደው ግን መሐሉ ነው። ጃኬትና ቦርሳቸውን ክቡ መሐል ከምረውታል! ሁሉም ይጨፍራል፣ ሁሉም ይጠብቃል።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠርግ ቦርሳ ጠባቂ ነኝ። "አንቺ መቼም አትጨፍሪም" ይሉኝና አምስት ቦርሳ፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ጭነውብኝ ይነሳሉ። አትጨፍሪም ያለው ማነው? ትከሻዬን ማን አይቶት ያውቃል?

ይህን እያብሰለሰልኩ ቦርሳ ጭኔ ላይ ዱብ አለ። የአክስቴ ልጅ ክቡ ውስጥ ገብቷል። ብዙም ሳይቆይ ትከሻውን ይሰብቅ ጀመር። አጠገቡ ያሉት አሮጊት እጁን ለቀቁት። እያለከለከ መጣ።

"ይሄ አያያዝ፣ ይሄ ክብ... ይሄማ..."

ቦርሳውን ዘረጋሁለት።

"ይሄማ ያንተ ነው።"