ማስተካከያ፦ ከ"ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ" ጀርባ የሚታየው ቤት የፌርሜር አይደለም

ቀደም ሲል በተሰራጨ መረጃ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሆላንዳዊው ሠዓሊ ዮሐንስ ፌርሜር ዝነኛ ሥዕል ላይ ከልጅቷ ጀርባ "የተደበቀ ክፍል አገኘ" ተብሏል። አላገኘም። ከራሱ ፈጥሮ ነው የቀጠለው።

ክፍሉን የሚያሳየው ምስል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ ምስል በሚፈጥረው ሞዴሉ በዳል-ኢ 2 ላይ ምስልን ከጠርዙ አልፎ የማስፋት አገልግሎት ሲጨምር ነው። ሞዴሉ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለምና ብርሃን ያያል፤ ከዚያ ከተማረባቸው ምስሎች ተነስቶ "ይሄ ይሆናል" ያለውን ይሞላል። ደግማችሁ ብታዙት ሌላ ቤት ይሠራላችኋል። ዕቃ የሞላበት ያ ክፍል ፌርሜር ጋር ኖሮ አያውቅም። በነገራችን ላይ፣ ሥዕሉ ያለበት የዘ ሄጉ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም በ2020 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ዛሬ ጨለማ መስሎ የሚታየው ጀርባ ቀለሙ የጠፋ አረንጓዴ መጋረጃ ነው። ድብቅ ነገር ከተባለ እሱ ነው።

ከሌላው ሆላንዳዊ ሠዓሊ ከሬምብራንት "የሌሊት ዘብ" ጋር መምታታትም የለበትም። ያ ሥዕል በ1715 ጠርዞቹ በእርግጥ ተቆርጠዋል። ሥዕሉ ያለበት የአምስተርዳሙ ሪክስሙዚየም በ2021 የጎደለውን በኮምፒውተር ሲያሟላ ግን ዝም ብሎ አልገመተም፤ ከመቆረጡ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ የሥዕሉን ቅጂ መነሻ አድርጎ ነው።