«ወጥቷል» ከተባልን በኋላ ወረቀቱንም እናንብብ

አጎቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ኦፕራሲዮን ሲደረግ በር ላይ ቆመን የምንጠብቀው ሁሉ ጥያቄያችን አንድ ነበር። «ሙሉ በሙሉ ወጣለት?» «ወጥቷል» ተባልን። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ ለዘመድ ሁሉ ደወልን። የፓቶሎጂው ውጤት፣ ማለትም የተቆረጠው አንጀት በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈው ወረቀት ግን ማንም ሳይወስደው ሁለት ሳምንት ላቦራቶሪ ተቀመጠ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ወጥቷል» ሲባል የሐኪሙ ዓይን ያየውን ያህል ነው። የቀረ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ማይክሮስኮፑ ነው። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የካንሰር ሴል ከሌለ አር ዜሮ ይባላል፤ ዓይን ያላየውን ማይክሮስኮፕ ካገኘ አር አንድ ነው።

ጠርዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የአንጀቱ ሁለት ጫፍ ነው። እሱ ብዙም አያስቸግርም፤ አንጀት ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች ከዕጢው ወዲያና ወዲህ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛውን ጨምረው ይቆርጣሉ። የሚያስፈራው ጎኑ ነው፤ ማለትም አንጀቱን አቅፎ ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው፣ የደም ሥሮቹና ንፍፊቶቹ (ሊምፍ ኖድ የሚባሉት፣ ካንሰር ሲዛመት የሚደርስባቸው ትንንሽ እንክብሎች) ያሉበት የስብ ሽፋን። በ1986 እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ ፊሊፕ ክዌርክና ባልደረቦቹ የታችኛው አንጀት (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ካንሰር የነበረባቸውን የ52 ሰዎች ናሙና ከጎን ወደ ጎን በስሱ እየቆረጡ መረመሩ። በ14ቱ ላይ ካንሰሩ የጎኑን ጠርዝ ነክቷል። ከእነሱ አብዛኞቹ በሽታው እዚያው ቦታ ተመለሰባቸው፤ ጠርዛቸው ንጹህ ከነበረው 38 ሰዎች ግን አንድ ብቻ።

ከፍ ብሎ ያለው አንጀትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ2008 ከዚያው ከሊድስ የወጣ ጥናት የስብ ሽፋኑ ሳይቀደድ እንዳለ የወጣላቸውንና ሽፋኑ ክፉኛ የተጎዳባቸውን አወዳደረ። ካንሰሩ ንፍፊት ላይ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል 5 ዓመት በሕይወት በመቆየት የመጀመሪያዎቹ በ27 የመቶኛ ነጥብ ይበልጡ ነበር። እርግጥ ጠርዙ ባልጸዳ ቁጥር ጥፋቱ የሐኪሙ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዕጢ ዘግይቶ ሲገኝ ከጎረቤት አካል ጋር ተጣብቆ ነው።

እባካችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጠይቁ። ጠርዙ ንጹህ ነው? በስንት ሚሊ ሜትር? በታችኛው አንጀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ንጹህ አይባልም። ስንት ንፍፊት ተመረመረ? ቢያንስ 12 መሆን አለበት፤ ካነሰ «አልተዛመተም» የሚለው ቃል ብዙ አያስተማምንም። እኛ አገር የተቆረጠውን አንጀት በፎርማሊን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ነውና ውጤቱንም ተከታትሎ ሐኪሙ እጅ ማድረስ የኛው ሥራ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ካስፈለገ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በ8 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ሁለት ሳምንት ቀልድ አይደለም።

የአጎቴ ወረቀት ጠርዙ ንጹህ ነው ይላል። የተቆጠረው ንፍፊት ግን 9 ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ላቦራቶሪው ናሙናውን ደግሞ እንዲፈትሽ ጻፈ። 4 ተጨማሪ ተገኘ፣ አንዱ ውስጥ ካንሰር ነበር። ኬሞ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።