ዘምቢላችንን ከመበርበራችሁ በፊት ካርቶናችሁን ቁጠሩ

ጎንደር ላይ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አዘዞ፣ «ሱፐርማርኬት» የሚል ታፔላ የሰቀለው አብዛኛው ቤት አንድ አመል ይዞታል። ስትገቡ ቦርሳ አስቀምጡ፣ ስትወጡ ፌስታል ክፈቱ። እሺ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ባለሱቅ ንብረቱን ቢጠብቅ የሚቀየም የለም። መግቢያ ላይ ለመሣሪያ መፈተሽንም የአገሩን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው አይቃወምም። የሚያንገበግበው የመውጫው ነው። ከፍለን፣ ደረሰኝ ይዘን፣ በገዛ ዕቃችን ሌባ መስለን የምንቆምበት ያ የበር አፍ።

እስኪ ፍተሻው ምን እንደሚመስል በደንብ እንየው። ጥበቃው ደረሰኙን ይቀበላል፣ ገለጥ ያደርጋል፣ በቢክ ጫር አድርጎ ይመልሳል። ከምን ጋር አመሳከረው? የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ የዕቃው ስም ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። ሳሙናውም፣ በረኪናውም፣ የሶፍት ወረቀቱም በአንድ የጋራ ስም የሚመዘገብበት ሱቅ አለ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ ስድስት ዓይነት ዕቃ በአሥር ሰከንድ ማመሳከር ለሒሳብ ሠራተኛም አይቻልም። ስለዚህ ጥበቃው ደረሰኙን ትቶ ፊት ያነባል። የጀርባ ቦርሳ ያዘለው የግቢ ተማሪ ይቆማል። ጋቢ የለበሰው ገጠሬ ይቆማል። ልጅ ያዘለችው እናት ትቆማለች። የመኪና ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክረው ሰውዬ ግን «ጌታዬ፣ በደህና ይግቡ» ተብሎ ያልፋል። ይሄ ሰው መምረጥ ነው እንጂ ምኑ ነው ፍተሻ?

አፈታተሹስ! እጁን እስከ ክንዱ ፌስታሉ ውስጥ ይከታል። በረኪናው ከዳቦው ላይ ይወጣል፣ እንቁላሉ ከታች ይገባል፣ የሴቲቱ ሞዴስ ሰልፍ ፊት ይገለጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ይቅርታ» እንኳ የለም፤ በአገጭ «እለፊ» ነው።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልምጣ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ የሆነባችሁ እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ ዕቃ የሚጎድልበት መንገድ አራት ነው፦ ገዢ ይሰርቃል፣ ሠራተኛ ይሰርቃል፣ አከፋፋይ አጉድሎ ያስረክባል፣ መዝገቡ ይሳሳታል። እናንተ የምትጠብቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ካርቶን ሲወርድ ማነው ከፍቶ የሚቆጥረው? 24 ፍሬ የሚል ካርቶን ውስጥ 23 ቢኖር፣ የታችኛው ረድፍ የዘይት ጠርሙስ ቢያፈስ፣ ብስኩቱ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ቢመጣ፣ «ተረክቤያለሁ» ተብሎ ተፈርሟል። ገንዘብ ተቀባይዋ የ500 ግራሙን ማካሮኒ በ250 ግራሙ ኮድ ብትመታው፣ ወይም ሁለት ዓይነት ሻምፖ በአንዱ ኮድ ሁለቴ ብታሳልፍ፣ አንዱ በመዝገብ ይተርፋል፣ ሌላው ይጎድላል።

ይሄ ሁሉ የሚታወቀው መቼ ነው? ሰኔ 30 ላይ፣ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ኢንቬንተሪ ሲቆጠር። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ጉድለት በአንድ ሌሊት ይወጣና «ሕዝቡ ሌባ ሆነ» ይባላል። የትኛው ወር እንደጎደለ፣ ከየትኛው መደርደሪያ፣ በማን ፈረቃ፣ የሚያውቅ የለም። ቢያንስ ሳምንት በሳምንት፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ ቶሎ የሚጠፉ 20 ዓይነት ዕቃዎችን መርጣችሁ ቁጠሩ፦ ዱቄት ወተት፣ ምላጭ፣ ሽቶ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ቸኮሌት። መደርደሪያ ላይ ያለውን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ዕቃ በገባ ማግስት የሚታይ ከሆነ ጣጣው ርክክቡ ላይ ነው። ዕቃ ሳይገባ ቀስ በቀስ የሚጎድል ከሆነ ሱቁ ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ የኛን ዘምቢል መገልበጥ ግን ስለ ካርቶኑ ምንም አይነግራችሁም።

ገንዘብ ያለው ደግሞ ያልተከፈለበት ዕቃ ሲያልፍ በሩ ላይ የሚጮኸውን ቋሚ ይተክላል። ጥሩ፣ ግን አጠቃቀሙን ተማሩ። ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ስስ መለያ ውስጡ የተጠማዘዘ የብረት መስመር ነው፤ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት በ8.2 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሲከፈል ጠረጴዛው ላይ ባለው ማጥፊያ ላይ ቀረብ አድርጎ ማሳለፍ ይጠይቃል። ሰልፍ ሲበዛ ገንዘብ ተቀባይዋ ከላይ ከላይ ስታሳልፈው አይጠፋም። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ቋሚ የሚጮኸው በከፈለው ሰው ላይ ነው፤ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ሌላ ከተማ የተገዛ ጃኬት ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ መለያም እንዲሁ ያስጮኸዋል። በአንጻሩ ይሄው መለያ ብረት ላይ ሲለጠፍ ይታፈናል። እንግዲህ ሌባ አጥብቆ የሚፈልገው የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ላይ የለጠፋችሁት ለጌጥ ነው ማለት ነው። በሩ ሰፍቶ ቋሚዎቹ ሲራራቁ መሀል ላይ የማይሰማ ክፍተት ይፈጠራል። አጠገቡ ያለ የፍሪጅ ሞተርና የብረት መዝጊያም ያውከዋል። መብራት ከሄደና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከሌለው ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚጠብቅ ሌባ መኖሩን መቼም አታጡትም። ዱቄት ወተቱን ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባ መደርደር፣ ሽቶው መደርደሪያ ላይ ባዶ ካርቶኑን ብቻ ማቆም፣ የመሀል መደርደሪያዎችን ከሰው ቁመት ዝቅ ማድረግ ከዚህ ማሽን የተሻለ ይጠብቃል።

ለጥበቃዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። ዕቃ ሲጎድል ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሠራተኞች ስላሉ ነው እንዲያ የሚበረብሩን። ይሄ ራሱ ሕገ ወጥ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካላዘዘ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሲቆረጥም ከሲሶው በላይ አይሆንም። ስንቱ ጥበቃ ይህን ያውቃል?

የመግቢያው ቦርሳ ማስቀመጫስ? ክፍት የእንጨት መደርደሪያ፣ ጫፉ የተበላ የፕላስቲክ ቁጥር፣ ከላይ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ወረቀት። በግድ ተረክባችሁ ኃላፊነት አልወስድም ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ የሚለው አለው፤ አንብቡት። ላፕቶፕ ያለበትን ቦርሳ የምታስቀምጡ ከሆነ ቁልፍ ያለው ሳጥን ሥሩ፣ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ይሁን። የፕላስቲክ ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ወደፊት ሁላችንም ዘምቢል ይዘን ነው የምንመጣው። ዘምቢሉን በር ላይ ካስቀራችሁብን የገዛነውን በምን እንያዘው? በነጠላ ጫፍ ቋጥረን?

ሕጉም ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ገላና ንብረት ከመመርመር ይጠብቃል። እጅ ከፍንጅ የያዛችሁት ሌባ ካለ ያዙት፣ ፖሊስ ጥሩ፤ ሌላው ገዢ ነው። መፈተሽ ካለባችሁ ማስታወቂያው ከደጅ ይለጠፍ፣ ሰው ሳይገባ አንብቦ ይወስን። መውጫው ላይ ጠረጴዛ አስቀምጡ፣ መብራት ይኑረው። ገዢው ራሱ ያውጣ፣ ጥበቃው በዓይኑ ይቁጠር፤ ደረሰኙ ላይ ሰባት ካለ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ይሁን፣ አለቀ። ወይ ሁሉም ይፈተሽ፣ ወይ በየአሥረኛው ሰው፣ ባለመኪናውም ጭምር። የተጠረጠረ ካለ ወደ ጎን ተጠርቶ በቀስታ ይጠየቅ፣ «ሌባ!» ተብሎ አይጮህበት። ሴት ፈታሽ የሌለው ሱቅ ደግሞ የሴት ቦርሳ አይክፈት።